ሰማዕት በነጠላ ጫማ

አጣቢዋ ወንድሟ እንዴት እንደሞተ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ከጣራ ወድቆ ነው። ሦስት ቃል ነው፤ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። እነዚህን ሦስት ቃላት ሰው ጆሮ ውስጥ ለማስገባት ስትለፋ ግን ሳምንት ሳይሞላት ልቧ ውልቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የንቅናቄው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ያለው ከውሃ ቢሮው ፊት ለፊት፣ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ላይ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጣራው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ መንጫጫት ጀመረ። ወንድሟ «ተዉት፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ብድግ አለ። ሰፈሩ ይህን ልጅ «ጥድፊያ» ነው የሚለው፤ ሲበላም፣ ሲያወራም፣ ሲተኛም የሚያባርረው ነገር ያለ ይመስላልና። መሰላል አምጡልኝ አላለም። ጫማ ልቀይር አላለም። በዚያችው ባደረጋት ነጠላ ጫማ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ወጣ፣ ሦስት እርምጃ ተራመደ፣ ወረደ። ጓዶቹ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ስለ ወገን ክብር እየተጯጯሁ ይጨቃጨቁ ስለነበር፣ የወደቀ ነገር መኖሩን እንኳ አልሰሙም። ያየው የውሃ ቢሮው ዘበኛ ብቻ ነው። ሽማግሌው መንገዱን በሩጫ አቋርጦ፣ ያን የሚያህል ጎረምሳ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሩ ወሰደው። ሲደርሱ ልጁ ሞቷል። ሐኪሙም «ከከፍታ ላይ በመውደቅ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታበት። አለቀ።

አለቀ? ኧረ ገና መች ተጀመረና!

ልጁ ንቅናቄው ውስጥ ከገባ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ከዚያ በፊት ሾፌር ልሁን ብሎ አራት ጊዜ ተፈትኖ አራት ጊዜ ወድቋል። ሱቅ ተቀጥሮ ተባሯል፣ ማተሚያ ቤት ገብቶ ተባሯል። ንቅናቄው ግን ግራጫ ሸሚዝ ሰጠው፣ «ጓድ» ብሎ ጠራው፣ የወደቀበትንም የተባረረበትንም ምክንያት በአንድ ቃል አስረዳው። «እነዚያ ናቸው» አለው። እነዚያ የሚባሉት ከወንዙ ማዶ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የመጡት እንኳ እነሱ ሳይሆኑ አያቶቻቸው ናቸው፤ የልጅ ልጆቹ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሸብተዋል። ንቅናቄውን ከሰማችሁት ግን ትናንት ሻንጣ አንጠልጥለው የገቡ ነው የሚመስላችሁ። ውሃ ከጠፋ እነዚያ ናቸው፣ መብራት ከተቋረጠ እነዚያ ናቸው፣ የሊቀመንበሩ ሆድ ከጮኸም እነዚያ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግዲህ ጉዱን ስሙት፤ ልጁን አዝሎ የሮጠው ዘበኛ ከእነዚያ ወገን ነው።

ቀብሩ ላይ ሊቀመንበሩ «በግዳጅ ላይ ሳለ የተለየን ጓዳችን» አለ። አጣቢዋ ችላ አለችው፤ ድምፅ ማጉያ ማስተካከልም ግዳጅ ከተባለ ይባልላቸው። በሦስተኛው ቀን በተበተነው ወረቀት ላይ «ተገፍትሮ» የሚል ቃል ገባ። ማን ገፈተረው? ጣራው ላይ ከእሱና ከእርግብ በቀር ማን ነበር? በአምስተኛው ቀን ደግሞ «ከማዶ በተወረወረ ድንጋይ» ተባለ። ወሬው በየሁለት ቀኑ እጅና እግር እያበቀለ ሲሄድ እሷ የምታየው እናቷን ነው። እናትየው ደግሞ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያጣጠፈች ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች።

ፎቶውንማ አለመናገር ይሻላል። የልጁን ጉርድ ፎቶ የበር ያህል አሳድገው በየግድግዳው ለጠፉት። ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ግራ ዓይኑ ሸውራራ ነው፤ እነሱ ዓይኑን አቀኑለት። ፂም ጨመሩለት። አገጩንም ሰፋ አደረጉት። እናትየው ፎቶው ሥር ቆማ ለረጅም ጊዜ አንጋጣ አየችና «እንዲህ ቆንጆ ነበር እንዴ ልጄ?» አለች።

«አልነበረም፣ እማዬ» አለች አጣቢዋ። «ይኼ ሌላ ሰውዬ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ሞቶ እንኳ አትለቂውም?»

በስድስተኛው ቀን ጧት ሊቀመንበሩና አፈ ቀላጤው ቤት ድረስ መጡ። ሊቀመንበሩ ሰፊ፣ ላብ የሚያጠቃው፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስጨንቅ ሰው ነው። አፈ ቀላጤው ቀድሞ በመኪና እየዞረ የሳሙና ማስታወቂያ ይለፍፍ የነበረ ሲሆን፣ አሁንም ሲያወራ የመጨረሻዋን ቃል እንደዚያው ጎትቶ ነው የሚለቃት። የመጡት ልጁ የሞተበትን ሸሚዝ ፈልገው ነው። በንቅናቄው አዳራሽ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ሊያኖሩት ነው፤ ለታሪክ፣ ለመጪው ትውልድ።

አጣቢዋ ወደ ጓዳ ገብታ ሸሚዙን አመጣችው። ታጥቧል፣ ካውያ አርፎበታል፣ ተጣጥፏል።

አፈ ቀላጤው ዘረጋው። አገላበጠው። ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። «ደሙስ?» አለ።

«የምን ደም?»

«የሰማዕቱ ደም ነዋ!»

«አጠብኩት» አለች። «በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ወዲያው ይለቃል። ሙቅ ውሃ ከነካው ነው የሚያስቸግረው።»

ሊቀመንበሩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አጠብሽው? የሕዝብ ቅርስ አጠብሽው?»

«ታዲያ የወንድሜን ደም ታቅፌ ልቀመጥ ኖሯል? ደግሞ የምን ቅርስ ነው፤ ከአፍንጫው የወረደ ሁለት ጠብታ ነው።»

«ከአፍንጫው» አለ አፈ ቀላጤው፣ የሚመርር ነገር እንደዋጠ ፊቱን አኮማትሮ። «እህታችን፣ ይኼን አፍንጫ የምትይውን ነገር ሌላ ቦታ እንዳትደግሚው።»

ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ሄዱ። እናትየው እስከ ደጅ ሸኝታቸው ተመለሰችና ልጇን ገላመጠቻት። «ማጠብ ብቻ ነው የምታውቂው» አለቻት።

በስምንተኛው ቀን አዳራሹ ተከፈተ። አጣቢዋ ከሥራ ቤቷ በቀጥታ ሄዳ ተሰለፈች። ሣጥኑ በቀይ ከፋይ ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡ ግራጫ ሸሚዝ አለ። ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ወገቡ ቀልቷል፣ ግራ ደረቱ ላይ ደግሞ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። ሰው ጎንበስ እያለ መስታወቱን እየሳመ ያልፋል። እሷም ተራዋ ደርሶ ጎንበስ አለች፤ ግን አልሳመችም። የሙያ ነገር ሆኖባት ዓይኗ በቀጥታ ኮሌታው ላይ አረፈ።

እሷ በምትሠራበት ላውንደሪ አንድ ደንብ አለ። የደንበኛ ልብስ እንዳይቀያየር ኮሌታው ውስጥ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥሩን የምትጽፈው እሷ ናት። መስታወቱ ውስጥ ያለው ኮሌታ ላይ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ጎባጣ ስምንት፣ «118» ተጽፏል። ሦስተኛውን ቁልፍም ግራጫ ክር አልቆባት በጥቁር ክር የተከለችው እሷ ናት። 118 ሊቀመንበሩ ነው! ሰኞ ያመጣል፣ ሐሙስ ይወስዳል። የሸሚዙ አንገት ደግሞ ወንድሟን ከነትከሻው ያስገባው ነበር። ደም የተባለውም ቢሆን ቀለም ነው፤ ደም ስምንት ቀን ሙሉ እንዲህ ቀልቶ እንደማይቆይ የታጠበ ልብስ አይቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

«ይኼ የሊቀመንበሩ ሸሚዝ ነው!» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ኮሌታውን እዩት፤ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ሰልፉ ተንጫጫ። አፈ ቀላጤው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገቧ ደረሰና ክንዷን በቀስታ ያዘ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እህታችን ያየችው የሰማዕቱን የምስጢር ግዳጅ ቁጥር ነው!» አለ። «እስካሁን ሸሽገነው ነበር። ከእንግዲህ ግን አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት የሁላችንም ቁጥር ነው!»

በማግስቱ ከተማው በሙሉ 118 ሆኖ አደረ። ግድግዳው ላይ 118፣ የአውቶቡስ መስኮት ላይ 118፣ የጎረምሶች ክንድ ላይ በእስክሪብቶ 118። የሊቀመንበሩ የእጥበት ቁጥር! አጣቢዋ ወደ ሥራ ስትሄድ አንዱ ግድግዳ ፊት ቆማ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። ቀዳዳዋ ትዝ ብላት ነው። ቀዳዳ ካለ ጥይት አለ። ጥይት ካለ ደግሞ የተኮሰ ሰው መኖር አለበት።

እሷ ይህን እያሰበች ሳለ እነሱ ቀድመዋታል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያው፣ ያው የተረገመው ድምፅ ማጉያ፣ «በዚያ ጎዳና ላይ ጠመንጃ የያዘ ማን ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። መልሱን አይናገርም። መልሱን ሰው ራሱ እንዲያገኘው ይተወዋል። በዚያ ጎዳና ላይ ጠመንጃ የያዘ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ደግሞ የማያውቅ የለም። እሑድ በአራት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ መታሰቢያ ይደረጋል፤ ከዚያ ሕዝቡ «ፍትሕን ፍለጋ» ወደ ውሃ ቢሮው ይሄዳል ተባለ።

ቅዳሜ አጣቢዋ እናቷን አስቀምጣ ለመነቻት።

«እማዬ፣ አንቺ ከተናገርሽ ይሰሙሻል። እኔን ማን ይሰማኛል? ሰውዬውን ሊገድሉት ነው። ልጅሽን በጀርባው የተሸከመውን ሰውዬ!»

«ማን ሊገድል ነው? ዝም ብለው ይጠይቁታል እንጂ።»

«ምን ብለው ነው የሚጠይቁት? ሸሚዙ የሊቀመንበሩ ነው! ቀዳዳው በመቀስ የተቆረጠ ነው! ገላውን አብረን አጥበነው የለም እንዴ? የት ላይ ነው ጥይት ያየሽው?»

እናትየው ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ከዚያ ነደደች። «አላየሁም!» አለች። «ደስ አለሽ? አላየሁም። በዚያች ማክሰኞ ጧት ልጄ ከቤት ሲወጣ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ‹አንተ የማትረባ፣ ዛሬ ደግሞ የቱን ልታበላሽ ነው?› ነው ያልኩት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሰድቤው፣ ሰድቤው፣ በስድብ ሸኘሁት። አሁን ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ‹ጀግና ወለድሽ› ሲለኝ ምን ልበል? ‹አይ፣ ልጄ እንደ ጆንያ ከጣራ ነው የወደቀው› ልበል? አልልም። ይኼን እንኳ አትንጠቂኝ።»

 አጣቢዋ በእናቷም ተናደደች፣ አዘነችላትም። ነጠላዋን አንስታ በቀጥታ ወደ ውሃ ቢሮው ሄደች።

ዘበኛው በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ጫማውን እየቀባ ነበር። ጠመንጃው ጥግ ላይ ተደግፏል።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ» አለችው። «ነገ እዚህ እንዳያገኙዎት።»

«ወዴት ልሂድ?»

«ወደ ልጅዎ፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ ፈለጉት!»

«ተረካቢ ሳይኖር?» አለ ሽማግሌው፣ በቅንነት ተደናግጦ። «ንብረት አለብኝ እኮ፣ ልጄ። ያለ ርክክብ ትቼ ብጠፋ፣ ነገ አንድ ነገር ቢጎድል በእኔ ስም ነው የሚሆነው። ተረኛው ሰኞ ነው የሚመጣው።»

«ሰኞ ድረስ በሕይወት አይቆዩም እያልኩዎት!»

«ምን አድርጌ? ይኼ ጠመንጃ እንደሆን ጥይት የለውም። ጥይቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ‹ይታያል› ነው የሚሉኝ። አሳያቸዋለሁ።»

ወይ ጣጣ! አጣቢዋ ጎጆውን ከነሰውዬው አንስታ ብትሄድ በወደደች ነበር። ሰውዬው ሊገድሉት ለሚመጡ ሰዎች ባዶ ጠመንጃ ከፍቶ ሊያሳይ አስቧል! ልትጮኽበት አፏን ስትከፍት እሱ ቡርሹን አስቀምጦ ሌላ ነገር ጀመረ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ቃል ገብቼ ነበር፤ ግን ነገሩ እዚህ ከደረሰ… ልጁ ጀርባዬ ላይ ሳለ ተናግሯል።»

«ምን አለ?» አለች አጣቢዋ።

«‹ጋሼ› አለኝ፣ ‹በነጠላ ጫማ እንደወጣሁ ለእናቴ እንዳይነግሯት። ትቆጣኛለች።› እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

እሑድ በሦስት ሰዓት እናትየው ጥቁሯን ለብሳ፣ ሊወስዳት የሚመጣውን የንቅናቄውን መኪና እየጠበቀች ነው። አጣቢዋ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ልንገራት፣ አልንገራት እያለች ስትገላበጥ ነው ያደረችው። ጨክና ነገረቻት። ሽማግሌው የነገራትን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

እናትየው መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። «ድገሚልኝ» አለች። ደገመችላት።

«የቷን ነጠላ ጫማ?»

«ያቺ ማሰሪያዋ የላላችውን።»

«ጣላት ብዬው ነበር እኮ!» አለች እናትየው። «ስንቴ ጣላት አልኩት!» ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ። አልጋው ላይ ተቀመጠችና እንደ ልጅ አለቀሰች። ይህን ሁሉ ቀን በአዳራሹና በመድረኩ ላይ ያፈሰሰችው እንባ ይህን አይመስልም ነበር። ይኼኛው አፍንጫዋንም አፏንም አንድ አድርጎ የሚያወርደው ዓይነት ነው። ልጇ እየሞተ እንኳ ያሰበው የእሷን ቁጣ ነው። «ፈርቶኝ ሞተ» አለች። «ልጄ ሌላ ማንንም ሳይሆን እኔን ፈርቶ ሞተ።»

መኪናው ደጅ ላይ ጥሩንባ ነፋ። እናትየው ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ተነሣች። የጓዳውን ዱካ መቀመጫ አንስታ ብብቷ ሥር አደረገችና በጓሮ በር ወጣች። አጣቢዋ ከኋላዋ እየሮጠች «እማዬ፣ የት ነው?» ብትላት ዞራም አላየቻት።

ሕዝቡ ከአዳራሹ ወጥቶ በጭፈራ ጎዳናውን ሲያጥለቀልቀው፣ የውሃ ቢሮው በር ላይ አንዲት አሮጊት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። የፊተኞቹ አዩዋትና ቆሙ። የኋለኞቹ የፊተኞቹ ላይ ተላተሙ። ሲያስቡት ደግሞ ነገሩ አስቸጋሪ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉልበቷን ሲስሙ ከርመዋል። በገዛ ወረቀታቸው ላይ «የሰማዕቱ እናት የሁላችን እናት ናት፤ እሷን የነካ ወገንን ነካ» ብለው አትመዋል። አሁን ማን እጁን ያሳርፍባት?

ሊቀመንበሩ ላቡን እየጠረገ መጣ። «እናታችን፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ወንበርዎ እኮ መድረክ ላይ ነው።»

«እዚሁ ተመችቶኛል።»

«ነፍሰ ገዳዩ ውስጥ ነው፣ እናታችን።»

«ውስጥ ያለው ልጄን ያዘለልኝ ሰው ነው» አለች እናትየው። ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም፤ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ልጅ ስትጣራ የኖረች ሴት ናት። «ልጄ ከጣራ ነው የወደቀው። በነጠላ ጫማ፣ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ። እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ስትጯጯሁ አልሰማችሁትም፤ የሰማው ይኼ ሰውዬ ነው። የሰማ ሰው ነው ዛሬ የሚገደለው?»

«ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶታል!» አለ አፈ ቀላጤው።

«አእምሮዬማ የተመለሰልኝ ዛሬ ጧት ነው! አንተ ደግሞ» አለች ወደ ሊቀመንበሩ ዞራ፣ «ሸሚዝህን ውሰድ። 118 ያንተ ቁጥር ነው፤ ልጄ እንደሆነ ልብሱን ከፍሎ አሳጥቦ አያውቅም፣ እህቱ ናት የምታጥብለት።»

ከኋላ ያሉት ቁጥሯን ብቻ ነበር የሰሙት። «አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት!» ብለው ጮኹ። «አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት! አንድ መቶ ዐሥራ ስምንት!» አጣቢዋ ጆሮዋን ያዘች። ከእናቷ አጠገብ ቆማ «የእጥበት ቁጥር ነው፣ እናንተ! የእ-ጥ-በ-ት!» ብላ ብትጮኽም ለራሷ እንኳ አልተሰማትም። ከፊት ያሉት ግን ሰምተዋል። እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ጎልማሳ የያዘውን ዱላ ከኋላው ደበቀ። ጭፈራው ከኋላ እየገፋ፣ አሮጊቷ ከፊት እንደተቀመጠች፣ ማንም የመጀመሪያዋን እርምጃ ሳይራመድ፣ ፀሐይዋ አናት አናታቸውን ትላቸው ጀመር። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ጮኹ። ከዚያ ራባቸው፤ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ተንጠባጠቡ።

ሽማግሌው በጓሮው በር ወጥቶ ወደ ልጁ ከተማ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን በተረካቢ ቦታ አጣቢዋን አስፈረማት፤ ጠመንጃ አንድ፣ ጥይት የለውም፤ የእጅ ባትሪ አንድ፤ ቁልፍ ሁለት። አንድ በአንድ እየቆጠረ ሲያስረክባት አጣቢዋ ትዕግስቷ ተሟጦ «ጋሼ፣ በሞቴ ይሂዱ!» እያለች ታለቅሳለች።

ከዚያ በኋላ መኪናው ደጃቸው ላይ ጥሩንባ አልነፋም። ጉልበት የሚስም ጠፋ። ጎረቤት ሰላምታውን አሳጠረ፣ የቤታቸው ግድግዳ ላይም «የተሸጡ» ተብሎ ተጻፈ። ይሁን፣ ይችሉታል። እናትየው የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከልጇ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ ይቅር በለኝ ማለት።

ሁለት ሳምንት ቆይተው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ መቃብሩ ሄዱ። ንቅናቄው መቃብሩን ከሌላው ሁሉ ለይቶ በብረት አጥር አጥሮታል፤ በር አለው፣ በሩ ላይ ግራጫ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ቆሟል። ውስጥ ሰው ተሰብስቧል፣ አፈ ቀላጤው ይለፍፋል።

«ዛሬ ለቤተሰብ ብቻ ነው» አለ ጎረምሳው።

«ቤተሰቡ እኛ ነን!» አለች አጣቢዋ።

«ቤተሰቡ ገብቷል። እናቱ ያቻት።»

አዩ። ያ መድረክ ላይ የነበረው የእናትየው ወንበር መቃብሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጥቁር የለበሰች፣ ጠና ያለች አንዲት ሴት ተቀምጣበታለች፤ ሰዎች ተራ በተራ ጉልበቷን ይስማሉ።

አጣቢዋ ወደ አጥሩ ተጠጋች። «ያቺ ማናት? እናንተ ሰዎች አታፍሩም? እናት ትቀይራላችሁ?»

«ያሳደገችው እናቱ ናት» አለ ጎረምሳው፣ የተማረውን እንደሚያነበንብ። «የወለደችው ለጠላት ተሸጣለች።» ጎረምሳው አልዋሸም። አምኖ ነው የሚናገረው። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አበገናት። አጥሩን ይዛ ልትነቀንቀው ስትል እናቷ እጇን ይዛ «ተይው» አለቻት።

ንግግሩ ጋብ ሲል ያቺ ሴት ተነሣች። እግሯን ልታፍታታ እንደሆነ ነግራቸው ወደ አጥሩ መጣች። እናትየውን ስታይ ቆመች፤ መቃብሩ ላይ የቆመውን ፎቶ አየች፣ መልሳ እናትየውን አየች።

«እርስዎ ነዎት አይደል?» አለች በሹክሹክታ። «በአፍ አካባቢ ትመሳሰላላችሁ። እህቴ፣ አይቀየሙኝ። የንቅናቄው ዋና ቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ጥቁር ልብስ አለሽ ወይ አሉኝ፣ አለኝ አልኩ። ምን ላድርግ?»

እናትየው የሴትዮዋን ጥቁር ልብስ ከላይ እስከ ታች አየችው። 

«አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ወደ ኋላዋ ገልመጥ ብላ። «ሰው ‹ልጅ ሳለ እንዴት ነበር?› እያለ ይጠይቀኛል። የምለው ጠፋኝ። እንዴት ነበር?»

ልጇ ከሞተ ጀምሮ ይህን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። እናትየው የአጥሩን ብረት ያዘች።

«ዘግይቶ ነው በእግሩ የሄደው» አለች። «አንዴ ከሄደ ግን የሚይዘው ጠፋ። ግራ ዓይኑ ሸውራራ ነው፤ በዓይኑ የሳቀበትን ልጅ አይመታም፣ አብሮ ይስቃል። ጨለማ ይፈራ ነበር፣ እስከ ዘንድሮ ድረስ መብራት ሳያበራ አይተኛም። መንጃ ፈቃድ አራት ጊዜ ወድቆ፣ በአምስተኛው አልፋለሁ ይለኝ ነበር። ሲበላ አያኝክም። እኔ እቆጣዋለሁ፣ እሱ ይስቃል። ከጣራ ወድቆ ነው የሞተው።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ለማስታወስ እየሞከረች ሰማቻት። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼንንማ አይቀበሉኝም» አለች። «ሌላ የለውም?»

«ሌላ የለውም» አለች እናትየው። «ልጄ ይኼው ነው።»

ከመቃብሩ በኩል አፈ ቀላጤው የመጨረሻዋን ቃል ጎትቶ «እናታችን!» ብሎ ተጣራ። ሁለቱም ሴቶች እኩል ዞሩ። እናትየው «አቤት» ልትል የከፈተችውን አፏን ዘጋች፤ ሴትዮዋ ሻሿን አስተካክላ ወደ ወንበሩ ተመለሰች፣ ጎረምሳውም በሩን ዘጋው።